ለአንድ ሰው የሁለት ሰው ሒሳብ
ብቻቸውን በመርከብ ለመንሸራሸር ያሰቡ ሰዎች ቀብድ ከመክፈላቸው በፊት

በአሜሪካ የሲያትል ከተማ ወደብ ከኤፕሪል አንስቶ እስከ ኦክቶበር ድረስ ትልልቅ ነጫጭ መርከቦች ይመላለሱበታል። በማለዳ ደርሰው መንገደኛ ያራግፋሉ፤ ከሰዓት በኋላ ሌላ ጭነው ወደ አላስካ ይነሣሉ። በዚህች ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩ ሲሆን፣ ከእነርሱም መካከል መርከቦቹን ከዳር ሆነው እያዩ ዓመታት ያስቆጠሩ አሉ።

ስማቸው እንዲገለጽ ያልፈለጉ የ66 ዓመት ወይዘሮ ከእነዚሁ አንዷ ናቸው። በአንድ ሆስፒታል ለረጅም ጊዜ ሠርተው በጡረታ ላይ ይገኛሉ። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ “ልጆቹ ይማሩና እኛም አንድ ቀን በዚህ እንሄዳለን” ይባባሉ ነበር። ልጆቹ ተማሩ፤ ባለቤታቸው ግን አረፉ። ወይዘሮዋ ሁለት ዓመት ከቆዩ በኋላ ብቻቸውንም ቢሆን ለመሄድ ቆረጡ። ማስታወቂያው “ሰባት ሌሊት፣ ከ900 ዶላር ጀምሮ” ይል ነበርና ስልክ ደወሉ። የተነገራቸው ድምር ከ2 ሺሕ ዶላር በላይ ሆነ። ሻጩ የተሳሳተ መስሏቸው “የምሄደው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሁለት አይደለንም” ሲሉት፣ “ለዚህ እኮ ነው” የሚል መልስ ሰጣቸው።

ሻጩ አልተሳሳተም፣ አላታለላቸውምም። የገበያው ደንብ ይኸው ነው።

ካቢን እንጂ ወንበር አይሸጥም

አውሮፕላን ወንበር ይሸጣል፤ አንድ ሰው አንድ ወንበር ነው። የሽርሽር መርከብ ግን የሚሸጠው ካቢን ነው፤ ካቢኑም የተሠራው ለሁለት ሰው ነው። በማስታወቂያ ላይ የሚወጣው ዋጋ “ሁለት ሰዎች አንድ ካቢን ሲጋሩ ለእያንዳንዳቸው” ማለት ነው። ይህ ዐረፍተ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከታች በደቃቁ ይጻፋል።

የመርከብ ኩባንያዎች አቅማቸውን የሚቆጥሩትም በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ሥራ የጀመረው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ የተባለው ግዙፍ መርከብ በእያንዳንዱ ካቢን ሁለት ሰው ሲያዝ 5,610 መንገደኛ ይጭናል። ሦስተኛና አራተኛ አልጋ ሲዘረጋ እስከ 7,600 ይደርሳል። ልጆች የያዙ ቤተሰቦች ሲበዙ መርከቡ “ከመቶ በመቶ በላይ ሞላ” የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ብቻውን የሚመጣ ሰው በዚህ ስሌት ግማሽ ካቢን ባዶ የሚያስኬድ ሰው ነው።

ነገሩ በአልጋው ብቻ አያበቃም። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ከጠቅላላ ገቢያቸው ሲሶ ያህሉን የሚያገኙት ከቲኬት ሳይሆን መርከቡ ላይ ከሚሸጡት ነገር ነው። መጠጡ፣ ቁማሩ፣ የወደብ ላይ ጉብኝቱ፣ ፎቶግራፉ፣ ኢንተርኔቱ ሁሉ ገንዘብ ነው። ባዶ አልጋ ቢራ አይጠጣም። ስለዚህም ኩባንያው የጎደለውን ሰው ሒሳብ ከተገኘው ሰው ላይ ይቆርጣል፤ ይህም የብቸኛ ተጓዥ ጭማሪ ይባላል። ጭማሪው ከቲኬቱ 25 በመቶ ሊሆን ይችላል፤ 50 በመቶም አለ፤ በጣም የተለመደው ግን 100 በመቶ ነው። የባልና ሚስት ጋብቻን የሚያበረታታ የዋጋ ፖሊሲ ካለ ይኸኛው ሳይሆን አይቀርም።

ድምሩን በእጅዎ ይሥሩ

እስቲ የወይዘሮዋን ዋጋ ይዘን እናስላ። ለአንድ ሰው ቲኬቱ 900 ዶላር፣ ግብርና የወደብ ክፍያ 300 ዶላር፣ የአስተናጋጆች ጉርሻ በቀን 17 ዶላር ሒሳብ ለሰባት ቀን 119 ዶላር ነው እንበል። ባልና ሚስት ቢሆኑ ሁለቱ በድምሩ 2,638 ዶላር፣ ማለትም ለአንዳቸው 1,319 ይደርሳቸዋል። ብቻውን የሚሄድ ሰው ከነመቶ በመቶ ጭማሪው 2,219 ዶላር ይከፍላል። ልብ ይበሉ፤ በባልና ሚስቱ ሒሳብና በብቸኛው ተጓዥ ሒሳብ መካከል ያለው ልዩነት 419 ዶላር ብቻ ነው። ጎረቤትን በነጻ ጋብዞ ይዞ መሄድ የሚያስከትለው ተጨማሪ ወጪ ይህን ያህል ነው ማለት ነው። ጭማሪው 50 በመቶ ቢሆን ግን ድምሩ ወደ 1,769 ይወርዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያየው አንድ ነገር አለ። ጭማሪው የሚሰላው በቲኬቱ ላይ ብቻ ነው። ግብርና የወደብ ክፍያ በሰው ራስ ይቆጠራል፤ ለምሳሌ የአላስካ ግዛት በትልልቅ መርከቦች በሚመጣ እያንዳንዱ መንገደኛ ላይ የ34.50 ዶላር ግብር ይጥላል። ላልመጣ ሰው ግብር የለም። ጉርሻም እንደዚሁ ነው። ብዙዎቹ ትልልቅ ኩባንያዎች በተራ ካቢን በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር አካባቢ በሒሳብ ላይ በቀጥታ ይጨምራሉ፤ ለአንድ ሰው መሆኑን ያረጋግጡ። የተሰጠዎት ወረቀት ሁሉንም ነገር በሁለት አባዝቶት ከሆነ ዝርዝሩ በመሥመር በመሥመር እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ።

“ሁለተኛው ተሳፋሪ በግማሽ ዋጋ” የሚል ማስታወቂያ ካዩ ደግሞ አይቸኩሉ። ያ ቅናሽ የተሠራው ለእርስዎ አይደለም። በሌላ በኩል አንዳንድ ኩባንያዎች ድርብ ለከፈለ ብቸኛ ተጓዥ የደንበኝነት ነጥቡንም ድርብ ይሰጣሉ። ተመላልሰው ለመጓዝ ካሰቡ ይህን መጠየቅ አይከፋም።

ለአንድ ሰው የተሠራ ክፍል

እ.ኤ.አ. በ2010 ኖርዌጂያን ኢፒክ የተባለው መርከብ 128 ባለ አንድ ሰው ካቢኖች ይዞ ወጣ። ስፋታቸው ዘጠኝ ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ባሕር የሚያይ መስኮት የላቸውም፤ ክብ መስኮታቸው የሚያየው ወደ ኮሪደሩ ነው። በምትኩ የእነዚህ ካቢኖች እንግዶች ብቻ የሚገቡበት ሳሎን ተሠራላቸው። ቡና እየጠጡ ከሌሎች ብቸኛ ተጓዦች ጋር የሚተዋወቁበት ቦታ መሆኑ ነው። ነገሩ ተፈላጊነት በማግኘቱ ኩባንያው በኋላ ባሠራቸው መርከቦችም ቀጠለበት፤ በአላስካ መሥመር የሚታወቀው እ.ኤ.አ. የ2018ቱ ኖርዌጂያን ብሊስም ይህ ዓይነት ካቢን አለው። ሌሎቹም ተከተሉ። የእንግሊዙ ኩናርድ እ.ኤ.አ. በ2016 ክዊን ሜሪ 2ን ሲያሳድስ 15 ባለ አንድ ሰው ካቢኖች ጨመረ። ሆላንድ አሜሪካም በዚያው ዓመት ባወጣው ኮኒንግስዳም ላይ ጥቂት ለአንድ ሰው የሚሆኑ ክፍሎች አካተተ።

ለገዢው ይህ መልካም ዜና ነው፤ ነገር ግን ባለ አንድ ሰው ካቢን ሁልጊዜ ርካሽ ነው ማለት አይደለም። በሺሕ የሚቆጠር ካቢን በሚይዝ መርከብ ላይ ቁጥራቸው ትንሽ ነው፣ ፈላጊያቸው ብዙ ነው፤ በመሆኑም ዋጋቸው ይወጣል። አንዳንዴ ተራው መስኮት የለሽ ካቢን ከነጭማሪው ከባለ አንድ ሰው ካቢን ረክሶ ይገኛል። ከዚያም በላይ ሰፋ ያለ ነው። ሁለቱንም ዋጋ በአንድ ቀን ጠይቆ ማወዳደር የገዢው ፋንታ ነው።

መቼ ይገዛል?

የመርከብ ሽርሽር ገበያ የራሱ ወቅት አለው። ከጃንዋሪ እስከ ማርች ባሉት ወራት ኩባንያዎቹ ለዓመቱ የሚሆን ቅናሽና ስጦታ ይደረድራሉ። ለአንድ ሰው የተሠሩትን ካቢኖች የሚፈልግ ሰው በዚህ ጊዜ ወይም ከዚያም ቀድሞ መግዛት ይኖርበታል። ተራ ካቢን የሚበቃው ሰው ግን ሌላም ጊዜ አለው። መንገደኞች ቀሪውን ክፍያ አጠናቀው እንዲከፍሉ የሚጠየቁት በአብዛኛው ከጉዞው 90 ቀን አካባቢ ቀደም ብሎ ነው። ቀብድ ይዘው የቆዩ ሰዎች በዚያን ጊዜ ይሰርዛሉ፤ ካቢኖችም ወደ ገበያ ይመለሳሉ። ካልሞሉ ኩባንያው ጭማሪውን መቀነስ ይጀምራል። ጡረተኛ የሆነና በወደቡ ከተማ የሚኖር ሰው በዚህ ጊዜ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የአውሮፕላን ቲኬት አያስጨንቀውምና።

ወሩም ዋጋ አለው። በጁላይ የአላስካ መርከቦች በቤተሰብ ይሞላሉ፤ ኩባንያው ለብቸኛ ሰው የሚራራበት ምክንያት የለውም። በሜይ እና በሴፕቴምበር ግን ተማሪ ትምህርት ቤት ነው። ከሁለቱ ሜይ ይሻላል፤ በደቡብ ምሥራቅ አላስካ ዝናቡ የሚበረታው ወደ መጸው ሲገባ ነው። ብርዱን ግን በሁለቱም ወራት አይናቁት።

በዚህ አጋጣሚ ብዙ ሰው የማያውቀውን መንገድ እንጠቁም። የአላስካ መንግሥት የራሱ ጀልባዎች አሉት። እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የሚሠሩ ሲሆን፣ ከሲያትል በስተሰሜን ከምትገኘው ቤሊንግሃም ከተማ ተነሥተው በዚያው ባሕር ላይ ይሄዳሉ። ቲኬቱ በሰው ነው፤ ካቢን የሚከራይ የፈለገ ብቻ ነው። ወንበር ላይ የሚያድሩ፣ መርከቡ ወለል ላይ ድንኳን የሚተክሉም አሉ። ዘፈንና ቁማር የለበትም፤ ተራራው፣ ደሴቱና ዓሣ ነባሪው ግን ያው ነው።

መርከቡ አይጠብቅም

ብቻውን ለሚሄድ ሰው ከገንዘቡ ቀጥሎ የሚያሳስበው መርከብ ማምለጥ ነው። ሁለት ሰው ሲሆን አንዱ ሰዓት ያያል። አንድ ሲሆኑ እርስዎ ከቀሩ መቅረትዎን የሚናገርልዎ የለም።

የአላስካ ዋና ከተማ ጁኖ ከሌላው ዓለም ጋር የሚያገናኛት የመኪና መንገድ የላትም። ኬቺካንም እንደዚያው ናት። መርከቡ ከሄደ ያለው አማራጭ አውሮፕላን ወይም ከላይ የጠቀስነው የመንግሥት ጀልባ ነው፤ ሒሳቡም የራስዎ ነው። ስካግዌይ ግን ወደ ካናዳ የሚወጣ መንገድ አላት፤ እሱም ቢሆን ፓስፖርት ይጠይቃል።

የአላስካ ሰዓት ከሲያትል በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። መርከቡ ሰዓቱን መቼ እንደሚያዞር በየዕለቱ ፕሮግራም ላይ ይጻፋል። ስልክዎ ግን የመርከቡን ሰዓት ሳይሆን ያገኘውን የስልክ ምሰሶ ሰዓት ሊይዝ ይችላል። የሚሻለው አሮጌ የእጅ ሰዓት አድርጎ በመርከቡ ሰዓት መሙላት ነው። ደግሞም “መርከቡ በ10 ሰዓት ይነሣል” ማለት በ10 ሰዓት በር ላይ ይድረሱ ማለት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ በሩ የሚዘጋው ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው።

የወደብ ጉብኝትን ከመርከቡ ራሱ መግዛት ይወደዳል። ሆኖም መኪናው ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል፣ ካልጠበቀም ወደሚቀጥለው ወደብ ያደርስዎታል። ከውጭ ሰው የገዙ እንደሆነ ይህ ዋስትና የለም። መካከለኛው መንገድ ሩቅ የሆነውን ጉብኝት ከመርከቡ፣ ቅርቡን ደግሞ በእግር ወይም በአውቶቡስ ማድረግ ነው። ከጁኖ ወደ ሜንደንሆል የበረዶ ግግር ያለው ርቀት 20 ኪሎ ሜትር አይሞላም። አንዳንድ ጉብኝቶች እንደ ሁለት ሰው ካያክ ያሉት ጥንድ ይፈልጋሉና ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ።

እራት፣ በርና ሐኪም

“ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል” እየተባለ ላደገ ሰው ሰባት ምሽት ለብቻ ከጠረጴዛ መቀመጥ ቀላል አይደለም። መፍትሔው ግን አስቸጋሪ አይደለም። የእራት ሰዓት ሲመርጡ “በፈለጉት ሰዓት” ከሚለው ይልቅ ቋሚውን ሰዓት ይምረጡና ስድስት ወይም ስምንት ሰው የሚቀመጥበት ጠረጴዛ እንዲሰጥዎ ያስመዝግቡ። በየምሽቱ የሚገናኙት ከእነዚያው ሰዎች ጋር ይሆናል። የመጀመሪያው ምሽት ካልተስማማዎት ለምግብ ቤቱ ኃላፊ በጸጥታ ቢነግሩት ይቀይርልዎታል፤ ይህ በየጉዞው የሚያጋጥመው ነገር ነው። በብዙ መርከቦች የመጀመሪያው ቀን ፕሮግራም ላይ የብቸኛ ተጓዦች መተዋወቂያ ሰዓት አለ። በኩናርድ መርከቦች ላይ ደግሞ ጓደኛ ለሌላት ሴት አብሮ የሚደንስ ሰው በኩባንያው ተመድቦ ይጠብቃል።

ስለ ደኅንነትም ማንሳት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የወጣው የሽርሽር መርከቦች ጥበቃና ደኅንነት ሕግ የካቢን በሮች የውጭውን ሰው ማያ ቀዳዳ እንዲኖራቸው፣ የመርከቡ አጥር ከ107 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ፣ ከባድ ወንጀል ሲፈጸም ለፌዴራል የምርመራ ቢሮ እንዲነገር ያዝዛል። ቀዳዳው የተሠራው ሊታይበት ነውና ሳያዩ አይክፈቱ። የካቢን ቁጥርዎን በሰው ፊት ጮክ ብለው አይናገሩ። መጠጥዎን ትተው አይነሡ።

የአደጋ ጊዜ ልምምዱን እንደ ቀልድ የሚያልፉ ብዙ ናቸው። ኮስታ ኮንኮርዲያ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 2012 በኢጣሊያ ጂልዮ ደሴት አጠገብ ከዐለት ጋር ተጋጭቶ 32 ሰዎች ሲሞቱ፣ በዚያው ዕለት የተሳፈሩ በመቶ የሚቆጠሩ መንገደኞች ገና ልምምድ አላደረጉም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ልምምዱ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም እንደተነሣ ወዲያው መደረግ አለበት። ብቻውን ያለ ሰው መሰብሰቢያ ቦታውን በእግሩ ሄዶ ማየት ይገባዋል፤ ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ሰው አጠገቡ የለምና።

የሕክምናው ጉዳይ ከሁሉም ይልቅ ኪስ ይጎዳል። መርከቡ ላይ ሐኪም አለ፤ ግን ያስከፍላል። በጠና የታመመ ሰው በሄሊኮፕተር ወይም በልዩ አውሮፕላን ሲወሰድ ሒሳቡ በአሥር ሺሕዎች ዶላር ይቆጠራል። በአሜሪካ ለአረጋውያን የሚሰጠው ሜዲኬር መርከቡ ከአሜሪካ ወደብ ከስድስት ሰዓት በላይ ከራቀ በመርከቡ ላይ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም። ስለዚህ የሕክምና ማጓጓዣን የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ደግሞ ቀብድ በከፈለ በሁለት ሳምንት ውስጥ ኢንሹራንሱን ቢገዛ ይመከራል፤ ብዙዎቹ ውሎች ነባር በሽታን የሚሸፍኑት ቶሎ ለገዛ ብቻ ነው። መድኃኒት በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይያዝ፤ ሻንጣው ካቢን የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ ሊሆን ይችላል።

ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ ከሆነ

ከሲያትል ተነሥተው ወደ ሲያትል የሚመለሱ መርከቦች ብዙውን ጊዜ በካናዳዋ ቪክቶሪያ ከተማ ለጥቂት ሰዓታት ይቆማሉ። ለውበቷ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. የ1886 የአሜሪካ ሕግ በውጭ አገር የተመዘገበ መርከብ የውጭ ወደብ ሳይነካ መንገደኛ ከአሜሪካ ወደ አሜሪካ እንዳያጓጉዝ ይከለክላል፤ የሽርሽር መርከቦች ደግሞ በአብዛኛው እንደ ባሃማስና ፓናማ ባሉ አገሮች የተመዘገቡ ናቸው።

ይህ ሕግ የሚነካው መርከቡን ብቻ ሳይሆን የእርስዎንም ቪዛ ነው። ልጆቿን ልትጠይቅ በጎብኚ ቪዛ ከአዲስ አበባ የሄደች እናት የካናዳ ቪዛ ልትጠየቅ ትችላለች፤ የአሜሪካ ቪዛዋ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነም ሲመለሱ ጥያቄ ይነሣል። ኩባንያው ሰነድ የጎደለውን ሰው ወደቡ ላይ ቢመልስ ገንዘቡን አይመልስም። በአውሮፓም የሼንገን ቪዛ ይዞ ከባርሴሎና የሚሳፈር ሰው መርከቡ ከሼንገን አገሮች ወጥቶ የሚመለስ ከሆነ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልገዋል። ቀብድ ከመክፈል በፊት የወደቦቹን ዝርዝር ይዞ መጠየቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ መቀበል ነው።

የሲያትሏ ወይዘሮ ዜግነታቸው አሜሪካዊ በመሆኑ በዚህ በኩል አልተቸገሩም። ሲመኙት የኖሩትን የጁላይ ጉዞ ትተው በሜይ የሚነሣ መርከብ ላይ 50 በመቶ ጭማሪ አግኝተዋል፤ መስኮት የለሽ ካቢን ነው። ባለቤታቸው ባለ በረንዳውን ነበር የሚፈልጉት። እሳቸው ግን “ለመተኛት ብቻ ነው የምገባው” ይላሉ። ቀብዱን ከፍለዋል፤ ኢንሹራንሱንም በሳምንቱ ገዝተዋል። ለእራት ባለ ስምንት ሰው ጠረጴዛ የጠየቁ ሲሆን፣ በፎርሙ ላይ ጾመኛ መሆናቸውን ጽፈው ረቡዕና ዓርብ የሚሆን ምግብ እንዲዘጋጅላቸው አስመዝግበዋል።